ያልተዋስኩት ጥፋት

ጓድ መኮንን ያን ቀን ቀጣኝ ወይስ አዳነኝ? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። መልሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰውየውንም ጠይቄ እንድረዳ ዕድሉን አላገኘሁም። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፦ እሱ ቢሮ የገባችው ሴትና ከዚያ የወጣችው ሴት አንድ ዓይነት ጋቢ ይዘው ነበር እንጂ አንድ ሴት አልነበሩም።

ያኔ የምሠራው ወደ ቦሌ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ነበር። የሠራተኛ ቱታ፣ የዘበኛ ካፖርት፣ የተሸካሚ ሸሚዝ እንሰፋለን። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል በላያችን ስለሚያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ የሚናገር ሰውም አፉን እንደከፈተ ይጠብቃል። እንግዳ ሰው ይደነግጣል። እኛ ግን ለምደነው፣ አውሮፕላኑ ሲያልፍ ወሬያችንን ካቆምንበት ቃል ላይ አንስተን እንቀጥል ነበር።

የኔ ሥራ ቁልፍ መትከል ነው። የተሰፋው ሸሚዝ ወደ እኔ ይመጣል፣ ቁልፉን እተክልና ወደ ካውያ አሳልፈዋለሁ። ስገባ የተሰጠኝ ይኸው ነበር፤ ዓመታት አልፈውም ይኸው ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ሌላው ሰው ልጁን ተማሪ ቤት በሚሸኝበት ዕድሜ ነው። ከወሎ የመጣሁት በልጅነቴ፣ ዘመድ ቤት ላገለግል ነበር። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በቀበሌያችን አዳራሽ ከባልቴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ «ሀ» አልኩ። ከዚያ በማታ ቀጠልኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ዘግይቶ ማዕድ እንደቀረበ ሰው ነው፤ ፍርፋሪ አይተውም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳላነብ አልጥልም ነበር። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። በሥራዬ ግን ጠማማ ነገር አልወድም፤ የሌላ ሰው ቁልፍ እንኳ ተጣሞ ካየሁ ፈትቼ እንደገና ነው የምተክለው። «ወይንሸት የምትጣላው ከክር ጋር ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር።

ጊዜው ቀይ ሽብር ያለፈበት፣ ፍርሃቱ ግን ገና ከየቤቱ ያልወጣበት ነበር። በየሦስት ወሩ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ስብሰባ አለ። ሠራተኛው ሁሉ እየተነሳ ጥፋቱን ይናገራል። ጥፋት የለኝም ያለ ትዕቢተኛ ነው፤ ትልቅ ጥፋት የተናገረ ደግሞ ራሱን አሳልፎ ሰጠ። ስለዚህ እኛ ዘዴ ነበረን። ከስብሰባው በፊት ምሳ ሰዓት ላይ ጥፋት እንከፋፈላለን።

አከፋፋይዋ እትዬ አሰገደች ነበሩ። ከሁላችንም የቆዩ ሰፊ፣ ቀልደኛ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ያን ቀንም እንደ ልማዳቸው ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠው አደሉን።

«ዘሃራ፣ አንቺ በስብሰባ ማንቀላፋትን ውሰጂ።»

ዘሃራ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ አጠገቤ የምትሠራ። «ኧረ እትዬ! ባለፈውም ያንቀላፋሁት እኔ ነኝ! ሁልጊዜ እንቅልፋም ልባል?»

«እሺ፣ መርፌ መስበር ይሁንልሽ። ጋሽ ብርሃኑ፣ እርስዎስ?»

ጋሽ ብርሃኑ ቆራጫችን ናቸው። መቀሳቸውን ሚስታቸው እንኳ ነክታው አታውቅም ይባላል። «እኔ እንደ ወትሮው ቁጡ ነኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«እሱስ እውነት ስለሆነ ይቅር፤ እውነት አይባልም» አሉ እትዬ አሰገደች። ሁሉም ሳቀ። «እርስዎ ጋዜጣ አለማንበብን ይውሰዱ። ወይንሸት፣ ላንቺ ማርፈድ።»

«እኔ እኮ አርፍጄ አላውቅም፣ እትዬ።»

«ለዚህ እኮ ነው የሰጠሁሽ! የምታረፍድ ሴት አረፈድኩ ብትል ይቀጧታል። አንቺ ስትይው ማንም አያምንሽም፤ ማንም ካላመነሽ ማንም አይቀጣሽም።»

እንዲህ ያለ ጥበብ ዛሬም የሚገኝ አይመስለኝም። ያ ጥበብ ስንቱን ሰው አትርፏል። የዚያን ቀን ግን ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ሾላ ገበያ ሄጄ በርበሬ ስገዛ አንድ ተሸካሚ ጆንያውን አውርዶ አጠገቤ ቆመ። የለበሰው ሸሚዝ የኛ ነው። ትከሻው ተቀዶ በሌላ ጨርቅ ተጥፏል፣ ኮሌታው ተልጧል፣ ክርኑ ወጥቷል። ቁልፎቹ ግን አንዳቸውም አልላሉም። የኔ ስፌት ናቸው፤ የራሴን ስፌት አውቃለሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ኮራሁ እንኳ። በርበሬዬን ይዤ ስመለስ ግን ደስታው እየተለወጠ መጣ። ሸሚዙ ሥራውን ሠርቶ፣ ዕድሜውን ኖሮ አልቋል። ቁልፉ ግን የዛሬ ስንት ዓመት ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ አላለም። እኔም እንደዚያ ቁልፍ ነኝ። ጠንካራ ነኝ፣ አልላላም፤ ግን ማንም የት ደረስሽ ብሎኝ አያውቅም። የባሰው ደግሞ እኔም ራሴን ብዬው አላውቅም።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። ጓድ መኮንን የድርጅቱ ካድሬ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ በዕድሜ ከኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው። የዚያን ቀን ግን አጠገቡ ከላይ የተላከ የማናውቀው ሰው ነበር። ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ስሙንም ማንነቱንም አልነገሩንም። 

ጥፋታችን በየተራ ወጣ። ጋሽ ብርሃኑ ጋዜጣ አለማንበባቸውን ተናዘዙ። ዘሃራ መርፌ ሰበረች። «ጓድ ወይንሸት» ተባለ። ተነሳሁ።

«ጓዶች፣ የኔ ጥፋት...» ስል አውሮፕላኑ መጣ።

ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። እትዬ አሰገደች ከኋላዬ ቀሚሴን ጎተቱ። ዞር ስል በከንፈራቸው «ማርፈድ! ማርፈድ!» ይሉኛል። መርሳቴ መስሏቸው ነው። አውሮፕላኑ ባይመጣ ኖሮ እሱኑ ብዬ ቁጭ እል ነበር ይመስለኛል። ግን ድምፁ እስኪያልፍ ቆሜ መጠበቅ ነበረብኝ፤ በዚያች ጥበቃ ውስጥ ያ የሾላው ሸሚዝ ፊቴ መጣ።

ጣሪያው ዝም አለ።

«የኔ ጥፋት አንድ ነው» አልኩ። «እዚህ ስገባ ቁልፍ ትከይ ተባልኩ። ዛሬም ቁልፍ እተክላለሁ። ጣቃው እንዴት ተቆርጦ ልብስ እንደሚሆን አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። የት ደረስሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ ብዬ ራሴን መርምሬ አላውቅም። ቆራጭ መሆን እፈልጋለሁ።»

በዚያ አዳራሽ ሁልጊዜ የሚፈልገው ሰፊው ሕዝብ ነበር። ሰው ብቻውን ተነስቶ እፈልጋለሁ ሲል ተሰምቶ አያውቅም።  መነጽር ያደረገው ሰው ቀና አለ።

«ጓድ መኮንን፣» አለ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሱ እያየ፣ «ይቺ ጓድ ያቀረበችው ግለ ሂስ ነው ወይስ የእድገት ጥያቄ?»

 ጓድ መኮንን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ።

«ጓድ ወይንሸት ነገ ጠዋት ቢሮ ትቀርቢያለሽ። የሚቀጥለው።»

ስንወጣ ማንም አጠገቤ አልሄደም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን አልሄድም ነበር። ወደ ሃያ ሁለት ሰፈር የሚወስደው መንገድ ላይ ብዙ ከሄድኩ በኋላ ከኋላዬ የሚያነክስ ኮቴ ሰማሁ።

«ቀስ በይ እንጂ! ጉልበት የለኝም!» እትዬ አሰገደች ናቸው። ሲደርሱ ለመናገር ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። «ምን ነካሽ? በሰላም ያደልኩሽ ጥፋት ምን ሆነብሽ? ጠበበሽ?»

«ልዋሽ አልቻልኩም፣ እትዬ።»

«እኛስ ዋሽተን ነው? እኛ እኮ መኖራችን ነው!» ካሉ በኋላ ፊቴን ሲያዩ ድምፃቸው ረገበ። «በይ ግቢ፣ እህል ቅመሺ። ምናልባት ተቆጥቶ ይተውሽ ይሆናል።»

የዚያን ዕለት ማታ መጽሐፍ ገልጬ አንድ መስመር ማንበብ አቃተኝ። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጠዋት ድርጅቱ በር ላይ እትዬ አሰገደች ቆመው ይጠብቁኛል። በብብታቸው ጋቢ ይዘዋል። ደህና አደርሽም ሳይሉ አስታቀፉኝ። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ላልኖራችሁት ግን ልንገራችሁ። ሰው ተጠርቶ ሲሄድ ጋቢ ያስይዙታል። ከገባበት ካልወጣ ሲሚንቶ ላይ እንዳያድር ነው።

«እትዬ፣ ይህ የእርስዎ ጋቢ ነው። ምን ሊለብሱ?»

«ተመልሰሽ ትሰጪኛለሽ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ከቢሮው ደጃፍ ያለ አግዳሚ ላይ ጋቢውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚጠራኝ የለም። የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ከአዳራሹ ይመጣል። ሰዎች በፊቴ ያልፋሉ፣ መሬት መሬት ያያሉ። ረፋዱ ላይ ዘሃራ ክር ልታመጣ ወደ ዕቃ ቤት ስታልፍ አላየችኝም፤ ስትመለስም አላየችኝም። ጭኔን ሳይ ግን ጋቢው እጥፋት ውስጥ በመሐረብ የተቋጠረ ቆሎ አለ። መቼ እንዳስቀመጠችው አላውቅም። አንዷን ፍሬ አፌ ውስጥ አድርጌ ብዙ ያዝኳት።

እዚያ ተቀምጬ የፈራሁት ምን እንደሆነ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። መታሰሩን ፈርቼዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን ከዚያ ይበልጥ የፈራሁት ሌላ ነበር፦ ጓድ መኮንን «ተይው፣ ወደ ቁልፍሽ ተመለሺ» ብሎ ቢያሰናብተኝ፣ ሁለተኛ ያንን ቃል ከአፌ ማውጣት እንደማልችል አውቅ ነበር።

የተጠራሁት፣ ሰው ሁሉ ከምሳ ከተመለሰ በኋላ ነው። መነጽር ያደረገው ሰው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ጓድ መኮንን ከጠረጴዛው ኋላ ነው። እንድቀመጥ አልነገረኝም።

«ለመሆኑ ማን ነው እንዲህ ብለሽ ተናገሪ ያለሽ?»

«ማንም፣ ጓድ።»

«የምታነቢው ነገር አለ ይላሉ።»

«የማታ ትምህርት ነው። ሌላው ስኳር የሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው።»

ከመስኮቱ በኩል ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ። ጓድ መኮንን ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

«ታዲያ ይህ ሐሳብ ከየት መጣ?»

ሌላ የምናገረው ስላልነበረኝ የሾላውን ሸሚዝ ነገርኩት። የተጣፈውን ትከሻ፣ የወጣውን ክርን፣ ንቅንቅ ያላለውን ቁልፍ። ስናገር እጁ ወደ ካኪ ኮቱ ሄዶ አንዱን ቁልፍ ያዘ። እሱም የኛው ስፌት ነበር። ይዞት ቆየ። 

ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በስብሰባ ላይ እንደሚናገረው ሆኖ፣ እንዲህ አለ፦

«ጓድ ወይንሸት ራስሽን ያለመመርመር ጥፋት ፈጽመሻል። ጥፋትሽንም በሠራተኛው ፊት አምነሻል። ስለዚህ ከእንግዲህ በየስብሰባው መጀመሪያ የምትነሺው አንቺ ነሽ። ካለፈው ስብሰባ ወዲህ ከነበርሽበት የት እንደደረስሽ ትናገሪያለሽ። ካልደረስሽም ምን እንደያዘሽ ትናገሪያለሽ። የተዋስሽውን ሳይሆን የራስሽን።»

 የተዋስሽውን ሳይሆን? ያውቅ ነበር ማለት ነው። የእትዬ አሰገደችን ዕደላ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አውቆም ዝም ብሎ ነበር።

«እስከ መቼ፣ ጓድ?»

«እስኪበቃሽ።»

«ቅጣት ነው?» ማለት አልነበረብኝም። አፌን አመለጠኝ።

መጀመሪያ ወደ መስኮቱ አየ። ቀጥሎ ወደ እኔ። ዓይኑ ጭኔ አጠገብ የተንጠለጠለው ጋቢ ላይ አረፈ፤ ለምን እንደያዝኩት ገባው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ስም ላወጣለት ዕድሜዬን ሙሉ ሞክሬያለሁ። ሐፍረት ነበር? ሐዘን ነበር? ወይስ ሥራ የበዛበት ሰው መሰላቸት ብቻ?

«ጋቢሽን ይዘሽ ወደ ሥራሽ ተመለሺ» አለ።

አዳራሹ በር ላይ ስደርስ መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። እትዬ አሰገደች ተነስተው መጡና ጋቢያቸውን ከእጄ ተቀበሉ። አጠፉት፤ አጥፈው ሲጨርሱ ዘርግተው እንደገና አጠፉት። ከዚያ፦

«ምን አሉሽ?»

«በየስብሰባው መጀመሪያ ተነስቼ የት እንደደረስኩ እንድናገር።»

«የት ልትደርሺ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ!»

«ወየው ጉዴ!» እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። «ጥፋትስ ይዋሱታል። መድረስን ከማን ይዋሱታል?»

ይህን ብለው ግን አልተቀመጡም። ቀጥ ብለው ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሄዱ። ጋሽ ብርሃኑ ምን እንደመጣባቸው ስለገባቸው መቀሳቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ጋሽ ብርሃኑ፣ ይቺ ልጅ ከሦስት ወር በኋላ ተነስታ ምንም አልደረስኩም ካለች ሁላችንን ነው የሚጠሩን። ያስተምሯት።»

«መቀሴን?»

«መቀስዎን።»

«ግራኝ ናት?»

«አይደለሁም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እጅሽን ታጥበሽ ነይ» አሉኝ፣ የተቆጡ መስለው።

እንዲህ ተጀመረ። ሥራ ካለቀ በኋላ ጥቂት ጥቂት እየቆየን አስተማሩኝ። ጨርቅ እንዳላበላሽ መጀመሪያ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነበር። ጋዜጣ ደግሞ ለኔ ፈተና ነው፤ በጠመኔ ያሰመርኩት የእጅጌ መስመር መሀል ላይ አንድ ርዕስ ካየሁ ዓይኔ ይሄዳል። «አንቺ ሴት! እጅጌ ነው ወይስ ወሬ የምትቆርጪው?» ይሉኛል። አንድ ጊዜ አንድ ወሬ ላለማጋመስ ዙሪያውን ስቆርጥ የሱሪው የኋላ ኪስ ተጣሞ ወጣ። ጋሽ ብርሃኑ አንስተው አዩት። «ይህን ሱሪ የሚለብሰው ሰው ምሁር ሳይሆን አይቀርም» አሉ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ደረሰ። ከሁሉ በፊት ተነሳሁ። «እጅጌ መቁረጥ ችያለሁ። ኮሌታ አልቻልኩም። ያልቻልኩት የኮሌታውን ልክ በችኮላ ስለማሰምር ነው» አልኩና ተቀመጥኩ። ጓድ መኮንን «የሚቀጥለው» አለ። በቃ። መነጽር ያደረገው ሰው ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

በሁለተኛው ኮሌታ ቻልኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም ያልቻልኩበት ወቅት መጣ፤ የማታ ፈተና ወድቄ፣ አሞኝም ነበር። ተነስቼ «ካለፈው አልተንቀሳቀስኩም» ማለት ከሁሉ ይበልጥ ከበደኝ። ስናገረው ግን የፈራሁት ጉድጓድ ከሩቅ እንደሚመስለው ጥልቅ እንዳልሆነ አየሁ። ሠራተኛው መጀመሪያ ለኔ ይፈራ ነበር፣ ኋላ መጠበቅ ጀመረ። «ወይንሸት፣ ዘንድሮ ካፖርት ትቆርጫለሽ ወይስ አትቆርጪም? እኛም እንወቀው እንጂ!» ትለኛለች ዘሃራ። ከጋሽ ብርሃኑ ጠረጴዛ አጠገብ ሁለተኛ ጠረጴዛ የተተከለልኝ ቀን ቁልፍ መትከያውን ለሌላ ሰው አስረከብኩ። ጋሽ ብርሃኑ ሰፈራቸው ውስጥ «ተማሪዬ» እያሉ እንደሚያወሩ ሰማሁ፤ ለኔ ግን አንድም ቀን በርቺ ብለውኝ አያውቁም።

ጓድ መኮንን አንድ ቀን ተዛውሮ ሄደ። ወደ ሰሜን ነው ያሉም ነበሩ፣ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ያሉም። አልተሰናበተንም፤ ሄዶም ወሬው አልተሰማም። የተተካው ሰው ስብሰባውን ችላ ስላለው ቀስ በቀስ ቀረ።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። ያ ስብሰባ ሲቀር ሁሉም እፎይ አለ፤ እኔም ብያለሁ። ብዙ ሰው ያዋረደ ስብሰባ ነበርና ይመለስ አልልም። ለኔ የተሰጠኝን ግን ማንም አልወሰደብኝም። በየሦስት ወሩ፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት አንድ ባዶ ወንበር አስቀምጬ፣ ተነስቼ ቆሜ፣ ድምፄን አውጥቼ እናገር ነበር። ከነበርኩበት የት ደረስኩ። ምን ያዘኝ። ቀጥሎ ወዴት ነው። ሰው በሐሳቡ ብቻ ራሱን ሲመረምር እንደሚያታልል እኔ ምስክር ነኝ፤ በሐሳብ ሁልጊዜ ደርሰናል። ቆሞ በድምፅ ሲናገር ግን ጆሮ የራሱን አፍ ይታዘባል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት፣ የሴት ልብስ አቆራረጥ የተማርኩት በዚያ ወንበር ፊት እያፈርኩ ነው።

ስለ ጓድ መኮንን የማስበውም ይህንኑ ነው። ቀጥቶኝ ከሆነ እግዜር ይስጠው፤ አድኖኝም ከሆነ እግዜር ይስጠው። ምስጋናዬ መልሱን አይጠብቅም።

ይህንን የወንበር ነገር ግን ለማንም አልነገርኩም ነበር። እንዴትስ ይነገራል? የነገርኩት ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ እትዬ አሰገደች ጡረታ በወጡ ሰሞን ነው። ከሃያ ሁለት ጀርባ ያለው ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ያንኑ ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል።

«ጡረታ ማለት ለካ ከግድግዳ ጋር መፋጠጥ ነው» አሉኝ። ወዲያው ዓይናቸውን አጥብበው፣ «አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ብቻሽን የምትቀሪው ከማን ጋር ነው? ዘበኛው ከሰው ጋር ስታወራ ሰማኋት፣ ገብቼ ሳይ ግን ሰው የለም ብሎ አስወርቶብሻል። ድርጅቱን ጠንቋይ ቤት አደረግሽው እንዴ?»

ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ጠየቁኝ።

«ወንበሩ ምን ይልሻል?»

«ምን ይላል፣ እትዬ? ይሰማል።»

«ወንበር እኮ ‹ለምን?› አይልም። በይ ተነሽ። እኔ ልስማሽ።»

«አሁን?»

«ተነሽ አልኩሽ!»

ተነሳሁ። ከስንት ዓመት በኋላ ሰው ፊት መቆሜ ነበር። «በአንድ የስፌት ማሠልጠኛ አቆራረጥ እንዳስተምር ተጠይቄ ነበር» አልኩ። «አልሄድኩም። የያዘኝ ጊዜ ማጣት ነው።» ለወንበሩ ሁለቴ የነገርኩት እንዲሁ ነበር፤ ወንበሩም ተቀብሎኛል።

«ለምን?» አሉ እትዬ አሰገደች።

«ጊዜ...»

«ይህ የተዋስሽው ነው። የራስሽን ንገሪኝ።»

 «ዘግይቼ ነው የተማርኩት፣ እትዬ። በልጅነታቸው የተማሩ ልጆች ፊት ጠመኔ ይዤ ብቆም ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ማነው መቼ ተማርሽ ብሎ የጠየቀሽ? እጅጌ መቼ ተማርሽ ይላል? ሰኞ ሄደሽ እሺ በያቸው።»

ሰኞ ሄጄ እሺ አልኩ፤ አስተማሪነቱ እንዲህ ተጀመረ። የዚያን ቀን ነገር ግን በዚህ አላበቃም። እትዬ አሰገደች ወንበራቸውን ይዘው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ፣ ተነሱ። እኔን በእጃቸው ገፍተው አስቀመጡኝ።

«አሁን ተራው የኔ ነው» አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ጓዶች...» ብለው ሳቅ አሉና ተዉት። «ለሰው ሁሉ ጥፋት ሳድል የራሴን ሳልጠይቅ ኖርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ቱታ ሰፋሁ። የሙሽራ ቀሚስ መስፋት ነበር የምመኘው። አንድም አልሰፋሁ።»

«የያዘዎት ምንድነው?» አልኩ።

«መቁረጥ አልችልማ! ማን ይቆርጥልኛል?»

«እኔ።»

 እትዬ አሰገደች በጥንቃቄ፣ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«እንግዲህ ከሦስት ወር በኋላ ነይ» አሉኝ። «የት እንደደረስኩ እነግርሻለሁ።»